ይቻላል የምትለዋ ቃል

የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ግቢ ውስጥ የሚኖረው በሁለት ሕግ ሥር ነው። አንደኛው የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ትምህርቱ ሲጀመር በአንድ መስመር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፦ ወደ አንድ ዕቃ የገባ ነገር ወይ ይወጣል፣ ወይ እዚያው ይከማቻል እንጂ ጠፍቶ አይቀርም። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ያወጣው ሕግ ነው። ይሄኛው ረጅም ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ተከፋፍሎ ሬጅስትራር ቤት ይቀመጣል። ማን እንደሚገባ፣ ማን ከዓመት ዓመት እንደሚያልፍ፣ ማን ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገሩ እንደሚመለስ የሚወስነው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሕግ ተማሪው በደብተሩ ይማረዋል፤ ሁለተኛውን ከሲኒየር አፍ ይሰማዋል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከረፈደ በኋላ።

ውጫሌ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን የሕግ ቃል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከማንም ቀድሞ የሰማ ነው። ውጫሌ ከደሴ በስተ ሰሜን ወደ 60 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ሐይቅን አልፎ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ የምትገኝ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን ዓለም ያወቀው በአንድ ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ የተዋዋሉት ውል 20 አንቀጾች ነበሩት፤ አገር ያናወጠው ግን 17ኛው ብቻ ነው። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግን ፈቃዱ ግዴታ ሆነ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ነገሩ አድዋ ላይ ተቋጨ። የአምባሰል ልጅ ይህን ታሪክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በቃሉ ያነበንበዋል።

ያንኑ ልዩነት በዩኒቨርሲቲ ደንብ ውስጥ ሲያገኘው ግን አያስተውለውም። የሴኔቱ ሕግ ስለ ስንብት ሲናገር «ሻል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይጠቀማል፤ ውጤቱ ከዚህ በታች የወረደ ተማሪ ይሰናበታል፣ አለቀ። ስለ መመለስ ሲናገር ደግሞ «ሜይ» ይላል፤ የተሰናበተው ተማሪ እንደገና ሊቀበሉት ይቻላል። ይቻላል ማለት ይመለሳል ማለት አይደለም። ቦታ መኖር አለበት፣ የትምህርት ክፍሉ መስማማት አለበት፣ ማመልከቻው በቀኑ መግባት አለበት። ወላጅ ግን «ዓመት ቆይቶ ይመለሳል ተብሏል» ብሎ ለጎረቤት ይናገራል፤ ልጁም አባቱን ላለማስከፋት አያርመውም። ከአንቀጽ 17 በኋላ እንኳ ይህ ዓይነቱ ስህተት በዚያው ከተማ መደገሙ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

የደንብ ትዝታ ሩቅ ከተወሰደ በአካባቢው ከዩኒቨርሲቲ የቀደሙ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከውጫሌ በስተ ደቡብ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በወሎ ደግሞ እንደ ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ደረሳው ከሼህ ወደ ሼህ እየዞረ ኪታብ ይቀራ ነበር። ሁለቱም ዘንድ ባች የሚባል ነገር የለም። የቆሎ ተማሪው ቅኔ እስኪሞላለት ድረስ ይቆያል፤ ሁለት ዓመትም ይሁን ሰባት፣ መምህሩ «በቃህ» ሲሉት ያልፋል። የሚለዋወጠው ጊዜው ነው፣ የማይለወጠው እውቀቱ። ዩኒቨርሲቲው ይህን ገለበጠው። ጊዜውን አጸናና እውቀቱን በፊደል መዝኖ ከፋፈለው፤ በ16 ሳምንት ውስጥ የደረሰበት ይጻፍለታል፣ ያልደረሰበት ይቆረጥበታል። የአካዳሚክ ደንብ የሚባለው ነገር ሁሉ፣ ሲበጠር፣ ከዚህ ግልበጣ የመጣ ነው።

ዘመናዊው የምህንድስና ትምህርት በኢትዮጵያ የጀመረው በ1945 ዓ.ም. በኢምፔሪያል ምህንድስና ኮሌጅ ነው፤ በኋላ አምስት ኪሎ የሚለው ስም የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሌላ መጠሪያ ሆነ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከእርሻ መካኒክ፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። ለወሎ ልጅ በዚያ ዘመን ሁለቱም ሩቅ ነበሩ። 12ኛ ክፍል ጨርሶ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተናውን ያለፈ ጥቂት ነው፤ ያለፈውም ፍሬሽማን ሆኖ የሚገባበት የመጀመሪያ ሴሚስተር እንደ ወንፊት ነበር። ውጤት የሚወጣው በጥር አካባቢ ስለሆነ፣ ገና ከዓመቱ ግማሽ ላይ ተሰናብቶ ወደ አገሩ የሚመለሰውን ተማሪ ግቢው «የገና ምሩቅ» ብሎ ሰይሞታል። የተሰናባቹ እናት ግን ስሙን አታውቀውም፤ ልጇ ለበዓል የመጣ መስሏት ዶሮ አርዳ ትቀበለዋለች።

የዚያ ዘመን ደንብ አንድ ዛሬ የተረሳ ግዴታም ነበረበት። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪ ለማግኘት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኛው የሚመደበው በአስተማሪነት ነው። የምህንድስና ተማሪ ጠመኔ ይዞ አልጀብራ ያስተምራል፤ የወረዳው ልጅም ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል የሚያየው በዚያ ወጣት ሸሚዝና አነጋገር ነው። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በሙሉ በዕድገት በኅብረት ለዘመቻ ሲሰማራ አገልግሎቱ አብሮ አከተመ። ጊዜን ከክፍል ውጭ ማሳለፍ የሚለው ሐሳብ ወደ ደንቡ የተመለሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በኢንተርንሽፕ ስም ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ትዝታ የሚቆጠረው በባች ነው፤ ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለተለወጠ። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች ተከታትለው ምህንድስና ቢገቡ ሦስቱም ስለ ሦስት የተለያዩ አገሮች የሚያወሩ ይመስላሉ።

ትልቁ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የገባ ነው። 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ወስዶ፣ ሁለት ዓመት ፕሪፓራቶሪ ተምሮ፣ 12ኛ ላይ እንደገና ተፈትኖ አልፏል። ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት «ፕሪፓራቶሪ ተክቶታል» ተብሎ ቀርቶ ስለነበር በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍል ገባ። አምስት ዓመት የነበረው ምህንድስናም አራት ሆኖ ጠበቀው። በዚያው ሰሞን የወጪ መጋራት መጣና ሬጅስትራር ፊት ቀርቦ ውል ፈረመ፤ ምግቡንና መኝታውን በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ሲመረቅ ሊከፍል። እስከዚያ ድረስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት እንጀራ ነበር፤ ፊርማው ለዕዳ መሆኑን በእርግጥ የተረዳው ሥራ ሲፈልግ ነው። ውጤቱ ደግሞ በከርቭ ይሰጥ ነበር፤ ፊደሉን የሚወስነው ያመጣው ቁጥር ብቻ ሳይሆን አብሮት የተቀመጠው ሰው ያመጣው ቁጥር ጭምር ነው። በከርቭ ዘመን ቀለሜው ጓደኛ ጸጋም መርገምም ነበር፤ ያስጠናል፣ ግን ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል።

መካከለኛው የገባው ከ2001 ዓ.ም. በኋላ፣ ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚለው ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ነው። ምህንድስና ወደ አምስት ዓመት ተመልሶ ነበር። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍተዋል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተቋቁሞ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከሌሎች ጋር ኬሚካል ምህንድስናንም ማስተማር ይዟል። ለውጫሌ ልጅ ኮምቦልቻ መመደብ ማለት በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚቻልበት ግቢ ማለት ነው። ግን ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር እንጂ የልጁ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ስንቱ የአምባሰል ልጅ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ተጽፎለት በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ቋጥሮ ሁለት ቀን ተጉዟል። በመካከለኛው ወንድም ዘመን ኮርሶች በሞጁል ተቧድነው፣ ክሬዲት አወሩ ኢሲቲኤስ ሆኖ፣ ምዘናውም ከከርቭ ወደ ቋሚ መለኪያ ተሸጋግሯል።

ትንሹ የ2012 ዓ.ም. ባች ነው። ፍሬሽማን ተመልሷል። ሁሉም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሒሳቡን፣ ፊዚክሱን፣ ሎጂኩን፣ ጂኦግራፊውን አንድ ላይ ይማራል፤ ወደ ምህንድስና፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ክፍል የሚያልፈው በኋላ ነው። ይህ ባች ግን ሁለተኛ ሴሚስተሩን ሳይጨርስ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ግቢ ተዘግቶ ወደ ቤቱ ተላከ።

ወደ ትምህርት ክፍል መመደብ የሚባለው ነገር በሁሉም ዘመን ከፍተኛ ግርግር ነበረው። ተማሪው የሚፈልጋቸውን ክፍሎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ከዚያ የሚዳኘው ውጤትና የቦታ ብዛት ነው። ሲቪልና ኤሌክትሪካል ብዙ ጊዜ ከላይ ይጻፋሉ። ኬሚካል የሚሞላው ሰው ሦስት ዓይነት ነው፦ ከልቡ የወደደው፣ ኬሚስትሪ የሚቀጥል መስሎት የገባ፣ ያሰበው ሞልቶበት የደረሰው። ሁለተኛው ዓይነት ከሁሉም ቶሎ ይደነግጣል። ትምህርቱ ከኬሚስትሪ ይልቅ ለሒሳብና ለፊዚክስ ይቀርባል፤ ሪአክሽኑ አንድ መስመር ሆኖ፣ የሚቀረው ቧንቧው፣ ፓምፑ፣ ሙቀቱና ግፊቱ ነው።

የደንቡ ጥርስ ያለው ታዲያ እዚህ ላይ ነው፤ በቅድመ ሁኔታ ኮርሶች። ኬሚካል ምህንድስና እንደ ሰንሰለት ነው። የቁስና የኢነርጂ ሚዛን ያላለፈ ቴርሞዳይናሚክስ ይከብደዋል፤ የፈሳሽ እንቅስቃሴና የሙቀት ሽግግር ሳይዙ ማስ ትራንስፈር አይሞከርም፤ እነዚህ ሳይኖሩ የሪአክሽን ምህንድስና፣ በመጨረሻም የፋብሪካ ዲዛይን የለም። ኮርሱ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር እያንዳንዳቸው 5 ኢሲቲኤስ የሆኑ አምስት ኮርሶች ወሰደ እንበል። በሦስቱ ቢ፣ በአንዱ ሲ አገኘ፣ በአንዱ ኤፍ ወደቀ። ቢ 3 ነጥብ ስለሆነ ሦስቱ 45 ያስገኛሉ፣ ሲው 10፣ ኤፉ ባዶ። 55 ለ25 ሲካፈል 2.20 ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ልጁ ደኅና ነው፤ ከ2.00 በላይ ነው፣ ማስጠንቀቂያ እንኳ የለበትም። ግን የወደቀው ያ አንዱ ኮርስ የሰንሰለቱ ቀለበት ከሆነ በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚወስደው ነገር ያጥረዋል፤ ኮርሱ እስኪመለስ ዓመት ይጠብቃል፤ ባቹ ጥሎት ይሄዳል። ግሬድ ሪፖርቱ 2.20 የሚለውን አይቶ የተደሰተ አባት ልጁ ለምን በስድስት ዓመት እንደተመረቀ እስከ ዛሬ ላይገባው ይችላል።

ቋሚው መለኪያ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ነው። 90ና ከዚያ በላይ ኤ ፕላስ፣ ከ85 ጀምሮ ኤ፣ ከ80 ኤ ማይነስ፤ እንዲህ እየወረደ 50 ላይ ሲ፣ 45 ላይ ሲ ማይነስ፣ 40 ላይ ዲ ይሆናል። ኤ ፕላስም ኤም ሁለቱም 4 ነጥብ ናቸው፤ የፕላሷ ትርፍ ለኩራት እንጂ ለስሌት አትገባም። ከ40 በታች ወርዶ 30 የደረሰ ኤፍኤክስ ይጻፍለታል። ይህች ፊደል ገርበብ ያለች በር ናት፤ ተማሪው ሙሉ ኮርሱን ሳይደግም እንደገና ይፈተናል፣ ካልቻለ ኤፍ ትሆናለች። ከ30 በታች ያለው ግን በቀጥታ ኤፍ ነው። በከርቭ ጊዜ 38 ያመጣ ተማሪ ፈተናው ለሁሉም ከብዶ ከነበረ ሲ ሊያገኝ ይችል ነበር፤ በቋሚው መለኪያ ያው 38 ኤፍኤክስ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢወድቅም ባይወድቅም። የትኛው ይሻላል ለሚለው በየዶርሙ ሲከራከሩ ያደሩ ብዙ ናቸው። ቋሚው ቢያንስ ጓደኛን ከጓደኛ አያጣላም።

የአካዳሚክ አቋም የሚባለው የተማሪውን ዕድል የሚቆርጠው ክፍል ነው። እንደተለመደው አሠራር አንደኛ ዓመት ላይ 1.75፣ ከዚያ በኋላ 2.00 የመተላለፊያ ልክ ነው። ከዚህ በታች የወረደ ማስጠንቀቂያ ወይም ፕሮቤሽን ይገባል፤ የበለጠ የወረደ ይሰናበታል። ግቢ ውስጥ እነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛቸው ነው የሚነገሩት፤ «ዋርኒንግ ገባ»፣ «ዲስሚስድ ሆነ»። በአማርኛ ቢባሉ የሚከብዱ ይመስል። ማስጠንቀቂያው ቀላል ተደርጎ ይታያል፣ በዚያው ሳምንት ምንም ስለማይለወጥ፤ ዶርሙም ካፌውም እንዳለ ነው። አደገኛነቱ እዚሁ ላይ ነው። የፕሮቤሽን ሴሚስተር እንደ ማንኛውም ሴሚስተር ኳስ እየታየበት ያልፍና መጨረሻው ሌላ ይሆናል።

ሳይወድቁ መውጣትም በደንቡ አለ፤ ዊዝድሮዋል ይባላል። የታመመ፣ ቤተሰቡ የሞተበት፣ ወይም ነገሩ እንደማይሆንለት በጊዜ የገባው ተማሪ ማመልከቻ አስገብቶ ዓመቱን ያቋርጣል፤ ፊደል ሳይጻፍበት በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ክሊራንስ መጨረስ አለበት። ክሊራንስ አንድ ገጽ ወረቀት ናት። በላይዋ ላይ ቤተ መጻሕፍት፣ ካፌ፣ መኝታ ቤት፣ ስፖርት፣ ላቦራቶሪ፣ ፋይናንስ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሚሉ ባዶ መስመሮች አሉባት። ተማሪው ወረቀቷን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍት የተዋሰው መጽሐፍ እንደሌለ ይፈርማል፤ የመኝታ ቤቱ ፕሮክተር ፍራሹን፣ ቁልፉን፣ የሎከሩን በር አይቶ ይፈርማል፤ ላቦራቶሪው የተሰበረ ቢከር ካለበት ያስከፍለዋል፤ መጨረሻ ላይ መታወቂያው ተወስዶ ወረቀቷ ማኅተም ይመታባታል። ያችን ማኅተም ያላገኘ ተማሪ በደንቡ ዓይን አልወጣም። ፈተና ስላልተቀመጠም በየኮርሱ ኤፍ ይጻፍለታል። እናቱ ታማ በድንገት ወደ ውጫሌ የሄደ፣ በኋላ ሲመለስ የኤፍ ሰልፍ የጠበቀው ተማሪ ታሪክ በየባቹ ይወራል። ደንቡን የጣሰ አይደለም፤ ወረቀቷን አላወቃትም እንጂ።

የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ትዝታ ከዚህ ይሻላል፤ ትምህርቱ እጅ ላይ መታየት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ለአማራ ገጠር ልጅ ዲስቲሌሽን አዲስ ነገር አይደለም። አረቄ ሲወጣ ያየ ያውቀዋል፦ የጌሾና የብቅል ድፍድፍ በእንስራ ውስጥ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ ተለጉሞ በጎኑ መቃ ይወጣለታል፤ መቃው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተነከረ ዕቃ ይዘልቃል፤ እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። ሴትየዋ ውሃው ሲሞቅ ትለውጣለች፣ እሳቱ ሲበረታ ጉማጁን ታወጣለች። መምህሩ በሰሌዳው ላይ የሚሥለው ማሞቂያ፣ ኮንደንሰርና የፍሰት ቁጥጥር ይኸው ነው። እንዲያውም የወጣውን መልሶ ድፍድፍ ላይ ጨምሮ ሁለተኛ ማውጣት «ዳግም አረቄ» ይባላል፤ ኢንጂነሩ በፎቅ ላይ ፎቅ በሠራው ማማ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ደጋግሞ ነው። ይህን ያየ ተማሪ ኮርሱን ቶሎ ይይዛል። ፈተናው ግን ስለ ቤንዜንና ቶሉዊን ነው፤ ስለ አረቄ ተጠይቆ አያውቅም፣ ይህም የሥርዓተ ትምህርቱ ትንሽ ጉድለት ነው።

ኢንተርንሽፕ ወደ ደንቡ የገባው በጀርመን ድጋፍ በተካሄደው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም ጊዜ ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከክፍል ውጭ፣ በፋብሪካ፤ ዋጋውም እንደ ሴሚስተር ነው። ኮምቦልቻ ለዚህ የተመቸ ከተማ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳ ፋብሪካው በአንድ ሸለቆ ውስጥ ተቀራርበው ይገኛሉ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። ከዚያ የራቀ ወንጂ ስኳር፣ ሙገር ሲሚንቶ ወይም አዋሽ መልካሳ ያለው የአልሙኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ይሄዳል። ማመልከቻውን ይዞ ቦታ የሚለምነው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተማሪው ነው። ቦታ ያገኘውም ሁሉ ይማራል ማለት አይደለም። አንዱ ከቦይለር ኦፕሬተሩ ጋር ተወዳጅቶ የእንፋሎት መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲከታተል፣ ሌላው ቢሮ ተቀምጦ የባለፈውን ባች ሪፖርት ይገለብጣል። ሁለቱም የሚቀርቡት አንድ ጥራዝ ሪፖርትና አንድ ፕሬዘንቴሽን ይዘው ነው፤ የሚያገኙት ፊደልም ሊቀራረብ ይችላል። በቆዳ ፋብሪካ ወር ሙሉ የሰነበተ ተማሪ ግን ሸሚዙን ዶርም ሲሰቅል ይታወቃል።

ደንብ ያልገመታቸው ዓመታትም መጡ። በኮሮና የተበተነው ባች ተመልሶ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ሴሚስተር ተጨምቆለት ሲማር ሳለ የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ደረሰ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ከመያዛቸው በፊት ሐይቅና ውጫሌ ያሉበት መስመር ሁሉ የጦር ሜዳ ነበር። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ሲለቀቁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ንብረታቸው ተዘርፎ ተገኘ። ላቦራቶሪ የሌለው ኬሚካል ምህንድስና ቀርቶ ኮምፒውተር የሌለው ሬጅስትራር እንኳ ምን እንደሚሠራ ማሰብ ይከብዳል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኙም አልተረፈም፤ በጦርነት ቀጠና የነበሩት ብሔራዊ ፈተናውን የወሰዱት ከሌላው አገር ተነጥለው በሁለተኛ ዙር ነው። ተማሪው በስንት ዓመት መጨረስ አለበት የሚለው አንቀጽ በእነዚህ ጊዜያት ዝም ተባለ፤ የዘገየው ተማሪው ሳይሆን ዘመኑ ስለነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ደንብ በሁለቱ ጫፍ ጠበቀ። መግቢያው ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። የውጫሌ ልጅ አሁን ግቢን መጀመሪያ የሚያየው እንደ ተፈታኝ ነው፤ ብርድ ልብሱን ይዞ ገብቶ፣ ዶርም አድሮ፣ ካፌ በልቶ፣ ተፈትኖ ይወጣል። በዚያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከቀረው ለተወሰነው አንድ ዕድል ተከፈተ፤ ሬሜዲያል። ጥቂት ወራት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይማራል፣ ይፈተናል፣ ካለፈ ፍሬሽማን ይሆናል፣ ካላለፈ ይመለሳል። ይህም ከግቢ ገብቶ ባዶ እጅ መመለስ ነውና የገና ምሩቅ በሌላ ስም ተመለሰ ቢባል ስህተት አይሆንም።

መውጫው ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተተከለ። የምህንድስና ተማሪ ከዚህ በፊትም ያየውን ኮርስ በአንድ ላይ የሚጠይቅ ሆሊስቲክ የሚባል ፈተና ያውቅ ነበር፤ ያ ግን የኢንስቲትዩቱ ጉዳይ ነው። የመውጫ ፈተናው ብሔራዊ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኮምፒውተር ተሰጠ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን ከተፈተኑት ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። እስከዚያ ድረስ አምስት ዓመት ተምሮ ሁሉንም ኮርስ ያለፈ ተማሪ ተመርቋል ማለት ነበር። አሁን ጨርሷል፣ ግን አልተመረቀም የሚባል አዲስ ዓይነት ሰው ተፈጠረ። ጋውን ለብሶ ፎቶ ተነሥቷል፣ ቤት ተደግሷል፣ በሬው ታርዷል፤ ዲግሪው ግን ፈተናውን እስኪያልፍ የለም። ድግስ ከውጤት እንዲቀድም ያደረገው የቀን አቆጣጠር የማን ሐሳብ እንደሆነ ባይታወቅም ዕዳው የወላጅ ነው።

የቀረው የምርቃት ደንብ አጭር ነው። አጠቃላይ ውጤት 2.00፣ በዋናው ሙያ ኮርሶችም 2.00፣ ኤፍ አለመኖር፣ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክትን ማቅረብ። 3.25 የደረሰ በማዕረግ፣ 3.50 በታላቅ ማዕረግ፣ 3.75ና ከዚያ በላይ በእጅግ ታላቅ ማዕረግ ይመረቃል። በምርቃቱ ቀን የሚሰጠው ጥቅልል ብዙ ጊዜ ባዶ ወረቀት ነው። እውነተኛው ማስረጃ የሚመጣው ክሊራንስ ሲያልቅ ነው፤ እሱም ጊዜያዊ ነው፣ «ቴምፖራሪ» ይባላል። ተመራቂው ያችን ቴምፖራሪ ደሴ ወርዶ ኮፒ ያስደርጋታል፣ ላሚኔት ያስደርጋታል፣ በየማስታወቂያው ቦርድ ሥር እየቆመ ያስገባታል። ፎቶው ውጫሌ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከአባቱ ወጣትነት ፎቶ አጠገብ ይሰቀላል። ኦሪጅናሉ ዲግሪ ግን አንደኛ ዓመት ላይ ከተፈረመው የወጪ መጋራት ውል ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ሬጅስትራር ቤት ነው፤ ሥራ ይዞ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ዕዳው እስኪያልቅ።